ያምሮትን «ዝም አለች» ብለው ላባረሩ ዲን

ለተከበሩ የሰንበሌጥ ሜዳ ቴክኒክና ሙያ ማሰልጠኛ ተቋም ዲን
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ጤና እመኛለሁ። ራስዎን አይመምዎ፣ ወገብዎን አይቁረጥዎ፤ ከሁሉ በላይ ግን ጆሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ። ይህን የምለው ለወጉ ያህል አይደለም። ጆሮ በተቋምዎ ውስጥ ከአእምሮም ከእጅም የሚበልጥ ማዕረግ መሆኑን በእህቴ ልጅ ላይ ስላየሁ፣ እርስዎም አንድ ቀን በጉንፋን ምክንያት ቢደፈንብዎ ከወንበርዎ እንዳያነሡዎት ሰግቼልዎት ነው።

እኔ እጅጉ ቢሆነኝ እባላለሁ። ቡሬ ከበርበሬ ተራ ዝቅ ብላ ያለችውን ወፍጮ ቤት የማሠራ፣ በልጅነቴ ቅኔ ቤት ገብቼ ሳልጨርስ የወጣሁ ሰው ነኝ። እርስዎ አያውቁኝም። ካቻምና ክረምት ሦስት ጊዜ ከቢሮዎ ደጅ ተቀምጬ፣ ሦስቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመልሻለሁ። ለአገር የሚሰበሰብን ሰው ማቋረጥ ነውር ስለሆነ አልተቀየምኩም። በአካል ሊያገኙኝ ያልተመቸዎትን ግን በጽሑፍ እንዲያገኙኝ ብዬ ይህን በአደባባይ ጻፍኩልዎ።

እስካሁን ዝም ብዬ ነበር። ብዕር ያነሣሁት ባለፈው ሳምንት ነው። ለጉዳይ ፍኖተ ሰላም ሄጄ ከመናኸሪያው በር ላይ የተቋምዎን ባነር አየሁ። ባነሩ ላይ ሰማያዊ ቱታ የለበሰች ልጅ ብረት በሚነክሰው ሞርሳ ላይ ጎንበስ ብላ ስትሞርድ ትታያለች። ከሥሯ በትልልቅ ፊደል «አካል ጉዳተኞችን ያካተተው ስልጠናችን ፍሬ» የሚል ተጽፏል። ልጅቱ ያምሮት ክንፈሚካኤል ናት፤ የእህቴ የእህተ ማርያም ልጅ፣ እኔ ያሳደግኋት፣ እርስዎ በፊርማዎና በማኅተምዎ ያባረሯት። ቆሜ ሳነብ መኪናው ጥሎኝ ሄደ። ዛፉን ከሥሩ ቆርጦ ፍሬውን አደባባይ የሚያሳይ ገበሬ በዕድሜዬ አይቼ ስለማላውቅ፣ ለዚህ አዲስ የግብርና ዘዴ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ባልፍ ነውር መሰለኝ።

ያምሮት ሰባት ዓመት ሲሞላት ማጅራት ገትር ያዛት። ነፍሷ ተረፈ፤ ጆሮዋ ግን ቀረ። እናቷ ገጠር ከምትጠፋብኝ ብላ፣ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ቡሬ ስለነበር ወደ እኔ አመጣቻት። ልጅቱ በምልክት ቋንቋ ተማረች፤ ንባብና ጽሕፈቷም ከእኔ የቅኔ ቤት ፊደል የተሻለ ሆነ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አንድ ቀን የወፍጮውን ሞተር በመዳፏ ዳሰስ አድርጋ፣ በክዳኑ ላይ በተኛው ዱቄት በጣቷ «ይህ ታሟል» ብላ ጻፈች። እኔ ሳቅኩ። በሦስተኛው ቀን የሞተሩን ዘንግ የሚይዘው ኩሽኔታ ተሰብሮ ወፍጮው ቆመ፤ ዳቦ ቤቱም ሠርገኛውም እኔ ላይ ጮኹ። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እሷ ሞተሩን ሳትዳስስ ማብሪያውን ነክቼ አላውቅም። እህል ይዘው የሚመጡት ገበሬዎች ሳይቀሩ «ሐኪሟ አየችው ወይ?» ብለው ይጠይቁ ነበር።

እንግዲህ የደረሰብንን በደል፣ ይቅርታ፣ የተደረገልንን ውለታ ማለቴ ነው፣ እንደ ቢሮ ደንብ በቁጥር ላቅርብ።

1ኛ. ዛሬ ሦስት ዓመት፣ በቅዳሜ ገበያ፣ ከተቋምዎ የተላከች ባጃጅ በድምፅ ማጉያ «መስማት የተሳናችሁ ወጣቶች! ቅድሚያ ይሰጣችኋል! መጥታችሁ ተመዝገቡ!» እያለች ቡሬን ዞረች። ያምሮት ከባጃጇ ሁለት ክንድ ርቃ ሽንኩርት ትመርጥ ነበር። የጠሯት እሷን ነው፤ የሰማሁት ግን እኔ ነኝ። ማስታወቂያውን ያሰበው የሥራ ባልደረባዎ ለዓይነ ስውራን ደግሞ በጽሑፍ እንደሚለጥፍ ተስፋ አደርጋለሁ። ሄጄ የነገርኳት እኔ ስለሆንኩ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ እስከ ዛሬ እኔን ነው የሚከሰኝ።

2ኛ. በምዝገባው ዕለት ልጆቹ ግቢው ውስጥ ተቀምጠው ስማቸው ይጠራ ነበር። ያምሮት የጠሪውን ከንፈር ለማንበብ ከሁሉ ፊት ተቀምጣለች። ጠሪው ወረቀቱን ከአፋቸው ፊት ይዘው ጠሩ። እኔ ፎቶኮፒ ላስደርግ ወጥቼ ስመለስ ስሟ ተሰርዟል። «ሦስት ጊዜ ጠርተናታል፤ ልትመልስ አልፈለገችም» አሉኝ። አንዲት አብራ ልትመዘገብ የመጣች ልጅ ብድግ ብላ «ጋሼ፣ እርሷ እኮ ይህችው ፊትዎ ያለችው ናት። አትሰማም» ባትላቸው ኖሮ ታሪካችን እዚያው ባለቀ። ይህች ልጅ ሃያት ትባላለች። ቡሬ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱት የሐጂ ሀምዱ ልጅ ናት። በዚያ ግቢ ውስጥ ያየኋት የመጀመሪያዋ የምትሰማ ሰው እሷ ነበረች።

3ኛ. ያምሮት የኤሌክትሮ መካኒክ ስልጠና ብትጠይቅ፣ የክፍሉ ኃላፊ «ማሽን ይጮሃል፣ ካልሰማች ይበላታል» ብለው ወደ ስፌት መሯት። ስፌት የተከበረ ሙያ ነው፤ ያምሮት ግን ቁልፍ እንኳ መትከል የማትችል ልጅ ናት። ከቦርሳዋ ወረቀት አውጥታ «ማሽን ሲጮህ አልሰማም። ሲንቀጠቀጥ ግን ከእናንተ በፊት አውቃለሁ» ብላ ጻፈችላቸው። ሳቁና «እስቲ ለሙከራ» አሉ። የሰው ልጅ ለሙከራ የሚገባበት ትምህርት ቤት ከማግኘት የበለጠ ክብር ከየት ይመጣል?

4ኛ. አስተርጓሚ እንደሚቀጠርላት በደብዳቤ ቃል ገቡልን። ጉዳዩ ሁለት ዓመት ሙሉ «በሂደት ላይ» ነበር። አሰልጣኝዋ መምህር ይታገሱ መልካም ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ለሰሌዳው እንጂ ለሰልጣኙ ሲናገሩ ታይተው አይታወቁም፤ ያምሮት ሁለት ዓመት ጀርባቸውን ተምራለች። እዚያው ክፍል የምትሰለጥነው ሃያት ይህን አይታ ማንም ሳያዛት ከምሳ በኋላ ባሕር ዛፉ ሥር እየተቀመጠች ምልክቱን ከያምሮት ተማረች፤ በዓመቱም በክፍል ውስጥ አጠገቧ ተቀምጣ በእጇ ትተረጉምላት ጀመር። ያን ጊዜ «ክፍል ትረብሻላችሁ» ተብለው የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። አንድም ድምፅ ሳያሰሙ ክፍል የረበሹ ሰልጣኞች በማፍራት ተቋምዎ ከአገራችን ቀዳሚ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚህ በኋላ ያለው በቁጥር ሊገባልኝ ስላልቻለ እንደሆነው አወጋዎታለሁ።

ካቻምና ሰኔ የማጠቃለያው የተግባር ፈተና ደረሰ። እያንዳንዱ ሰልጣኝ ጠረጴዛው ላይ ከመብራት የተገናኘ ሞተር ተቀምጦለት፣ ፈትቶ ብልሽቱን ማግኘት ነበረበት። መዛኙ ወደ መስኮቱ ዞረው «ማንም ሰው ክዳን ከመክፈቱ በፊት የጠረጴዛውን ማብሪያ ያጥፋ!» ብለው አዘዙ። ሌሎቹ ሰምተው አጠፉ። ያምሮት የሌሎቹን እጅ እያየች አልነበረም፤ ዓይኗ ሞተሩ ላይ ነው፤ ካቻቢቴዋን አንሥታ ክዳኑን መፍታት ጀምራለች። ከአጠገቧ ያለችው ሃያት አየቻት። ጮኻ እንዳትጠራት አትሰማም፣ ሮጣ እንዳትይዛት ጠረጴዛው ሰፊ ነው። በቡጢዋ ጠረጴዛውን መታች። ያምሮት ንዝረቱ ተሰምቷት ቀና ስትል፣ ሃያት በሁለት እጇ «መብራት! አጥፊ!» አለቻት። ያምሮት አጠፋች። ክቡር ሆይ፣ በመካከሉ ያለፈው ጊዜ አንድ ትንፋሽ አይሞላም። ይህን ያጫወተችኝ ሃያት ናት።

መዛኙ በዚያው ቅጽበት ዞሩና የሃያትን እጅ አዩ። «ኩረጃ!» አሉ። የሁለቱንም ወረቀት ሰበሰቡ።

ልብ ይበሉልኝ። ካልሰማች ማሽን ይበላታል ብለው የፈሩላት ሰዎች፣ ማሽኑ ሊበላት ሲል ያዳነቻትን እጅ ነው የያዙት። ሰውን ከሞት ማትረፍ በፈተና ደንብዎ በየትኛው አንቀጽ እንደተከለከለ ብጠይቅ፣ ደንቡን ማየት የሚችለው ሠራተኛ ብቻ ነው ተባልኩ።

በሳምንቱ እርስዎ በሰብሳቢነት የመሩት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀመጠ። ዘመድ ውጭ ይጠብቅ ስለተባለ እኔ በመስኮቱ በኩል ቆሜ አየሁ፤ መስኮቱ ክፍት ነበርና ሰማሁም። አምስት የተማሩ ሰዎች በአንድ ረድፍ፣ ያምሮት ብቻዋን ፊት ለፊት። እርስዎ «ለቀረበብሽ ክስ ምን መልስ አለሽ?» አሏት። ጥያቄ መሆኑን ከፊትዎ አውቃ ደብተርና እስክሪብቶ ከቦርሳዋ አወጣች። ጸሐፊው «መልስ በቃል ነው» ብለው ደብተሩን እንድታስቀምጥ በእጃቸው አመለከቱ። ወደ በሩ ጠቁማ ሃያት እንድትገባላት ለመነች። «እርሷም ተከሳሽ ናት፤ ልታስተረጉም አትችልም» ተባለ፤ ይህንንም የነገሯት በቃል ነው። እርስዎ ጥያቄውን ደገሙ። ሁለተኛውን ጊዜ ድምፅዎን ከፍ አደረጉ፤ ይህን በጎ ሐሳብዎን አልክድም።

እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

የቃለ ጉባኤው ቅጂ ማኅተም አርፎበት በእጄ አለ። እንዲህ ይላል፦ «ተከሳሿ በተደጋጋሚ ለቀረበላት ጥያቄ ዝም በማለቷ ጥፋቷን እንዳመነች ተቆጥሮ ከተቋሙ እንድትሰናበት ተወስኗል።» እኔ ቅኔ ቤት ሳለሁ ለአንድ ቃል ሰምና ወርቅ ስፈልግ ብዙ ቀን ጾሜ አውቃለሁ፤ ደንቆሮን ዝም አለች ብሎ የሚፈርድ ሰምም ወርቅም ግን አላጋጠመኝም። ዝምታ እምነት ከሆነ፣ ለጻፍኩልዎ ሦስት የይግባኝ ደብዳቤዎች እስከ ዛሬ ያልመለሱልኝ እርስዎ ስንት ጥፋት እንዳመኑ ይቁጠሩት።

ለሃያት ግን ምሕረት አድርገውላት ነበር። «ያምሮት አሳይኝ ብላ ለመነችኝ» ብላ ብትፈርም በማስጠንቀቂያ እንደምትታለፍ ተነገራት። አባቷ ሐጂ ሀምዱ ተጠርተው መጡ። የተከበሩ፣ ነገር የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። እኔ እያለሁ «ልጄ፣ ሁለት ዓመት ለፍተሻል፤ ፈርሚና ይለቅ» አሏት። ሃያት ወረቀቱን አንብባ መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እሷ ምንም አልለመነችኝም። እንዳትሞት የነገርኳት እኔ ነኝ። የቱን ነው የምፈርመው?»

 ሐጂ ከወንበራቸው ተነሡና «እንግዲያው ወደ ቤት እንሂድ» አሏት። በዚያ ቀን ከግቢዎ የወጣነው አራት ሰዎች ነን፤ ከአራታችን ቀና ብላ የሄደችው ሃያት ብቻ ነበረች።

ያምሮት ሦስት ሳምንት ወፍጮውን አልነካችም። ቱታዋን አጥባ፣ አጣጥፋ፣ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ጠዋት ሞተሩን ሳስነሣ ከቤት አትወጣም። እኔም «ነይና ዳስሺው» ማለት አፈርኩ፤ የባጃጇን ጩኸት ሰምቼ የነገርኳት እኔ ነኛ። አንድ ቀን እናቷ ከገጠር መጥታ አየቻትና «ምነው ወንድሜ፣ ልጄን ጆሮዋ ብቻ ታሞ ሰጥቼህ ልቧም ታሞ መለስክልኝ?» አለችኝ። ይህን ቃል ለእርስዎ ማድረስ ከሚገባኝ ጊዜ ዘግይቻለሁ፤ ይኸው ዛሬ አደረስኩ።

የመጣው መፍትሔ ከቢሮ አልነበረም። ሃያት መራዊ ላይ የመስኖ ፓምፕ የሚጠግን ወንዳወቅ የሚባል ሰው ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሰምታ መጣች። እኔ አልሄድም አልኩ፤ ሌላ በር ላይ ወድቃ ማየት አልፈለግሁም። ያምሮት ሳጥኗን ከፍታ ቱታዋን ስታወጣ ግን እሺ አልኩ። መንገዱ ሰላም በሆነበት ቀን ሦስታችንም ሄድን።

ወንዳወቅ እጁ በግራሶ የጠቆረ፣ ንግግር የሚያንሰው ሰው ነው። ያምሮትን አንድ ነገር ጠየቃት። ሃያት «አትሰማም፣ እኔ ልንገራት» አለችው። ሰውዬው «ተይ፣ ራሴ» አላትና ጠመኔ ፈልጎ ሲሚንቶው ወለል ላይ ተንበርክኮ ጻፈ፦ «ከሦስቱ ፓምፖች የታመመው የትኛው ነው?» አንድ በአንድ አስነሣላት። መዳፏን እያሳረፈች አለፈች። ከዚያ ጠመኔውን ተቀብላ «አንደኛው። ኩሽኔታው ነው። ሦስተኛውም ወር አይቆይም» ብላ ጻፈች። አንደኛውን ፈታው፤ እንዳለችው ሆነ። ሦስተኛውን ደግሞ ሊያሾፍባት ብሎ ተወው፤ በሃያ ሁለተኛው ቀን ቆመ። የሁለቱ ልጆች ሥራ ግን የተጀመረው በዚያው በመጣንበት ዕለት ነው።

ወንዳወቅ ዛሬ የሱቁን በር ጥቁር ቀለም ቀብቶታል። የዕለቱ ሥራ እዚያ ላይ ይጻፋል፤ የሚሰማውም የማይሰማውም እኩል ያነባል። አስተርጓሚ አልቀጠረም፤ ኮሚቴ አላቋቋመም፤ «በሂደት ላይ ነው» አላለም። የአካቶ ትምህርት ሥልጠና ለመውሰድ ሆቴል የገባበት ቀንም የለም። ተቋምዎ በሁለት ዓመት ያቃተው ነገር እሱን የጠየቀው ጠመኔና ትንሽ እፍረት ብቻ ነው። ጠመኔው ተቋምዎ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ።

አምና የካቲት ሁለቱም ልጆች በሌላ የምዘና ጣቢያ ተመዘገቡ። እዚያ ያሉት መዛኝ መመሪያውን በወረቀት ጽፈው ለያምሮት ሰጧት፤ ፊቷ ለፊት ቆሙ፤ ሌላ ምንም አላደረጉም። ያምሮትም ሃያትም በመጀመሪያው ሙከራ አለፉ። ዛሬ ከሜጫ ገበሬ ፓምፑን በጋሪ ጭኖ ሲመጣ «ያቺ በእጇ የምትሰማዋ የለችም?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። ከሌለች ተቀምጦ ይጠብቃታል።

የባነሩን ፎቶ በስልኬ አንሥቼ አሳየኋት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየችውና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ጻፈችልኝ፦ «እንግዶች የመጡ ቀን ከክፍል አስወጥተው ነው ያነሡኝ። ብረቱን ሞርሳው ላይ የገጠሙት ራሳቸው ናቸው። ገልብጠው ነው የገጠሙት።» እኔ የብረት ሰው ስላልሆንኩ አላስተዋልኩም ነበር። እርስዎም አላስተዋሉም። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ያሉ ብረት ሠሪዎች በሙሉ ግን እያስተዋሉ እንደሚያልፉ ወንዳወቅ አረጋግጦልኛል።

ይቅርታ እንዲጠይቁን አንሻም፤ በማያውቁት ሥራ ማስቸገር ይሆናል። ባነሩን ያውርዱ። ቃለ ጉባኤውን ይሻሩ፤ በመዝገብዎ ላይ ሁለቱ ልጆች እስከ ዛሬ ኮራጆች ናቸውና። አሰልጣኞችዎ ሲናገሩ ፊታቸውን ወደ ሰው ያዙሩ፤ ነፍስን የሚመለከት ትእዛዝ በጽሑፍ ይስጡ። ከአቅምዎ በላይ ከሆነ፣ ያምሮት መራዊ ድረስ ለሚልኩት ሰው በነጻ ለማስተማር ፈቃደኛ መሆኗን ገልጻለች። እኔ ፈቃደኛ አልነበርኩም፤ እሷ ከእኔ ትሻላለች።

ወንበርዎ እንዲጸናልዎ፣ ስብሰባዎ እንዲረዝምልዎ፣ የሚጠሩት ሁሉ «አቤት» እንዲልዎት እየተመኘሁ፣ ለሰጡን ትምህርት እስከ መሬት ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

እጅጉ ቢሆነኝ
የወፍጮ ቤት ሰው፣ የኮራጇ አጎት
ቡሬ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከሽንዲ ሠርክአዲስ የምትባል የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ከውልደቷ የማትሰማ፣ ከእናቷ ከወይዘሮ አልጣሽ ጋር መራዊ መጥታ እናንተ ዘንድ ልመዝገብ ወይ ብላ ያምሮትን አማክራት ነበር። እኔ «እዚያማ ዝር እንዳትል!» አልኩ። ያምሮት ተቆጥታኝ «ትሂድ። ማሽኖቹ ጥሩ ናቸው። ማሽኖቹ ምንም አላደረጉኝም» ብላ ጻፈች። ስለዚህ ሰኞ ይመጣሉ። ያምሮት ትዕግሥተኛ ናት፤ እኔም ይሉኝታ የያዘኝ ሰው ነኝ። ወይዘሮ አልጣሽን ግን ሽንዲ በሙሉ ያውቃቸዋል፤ እንዲህ ያለ ነገር አያውቁም። ወንበር ያዘጋጁላቸው። ካጡ የእርስዎ ላይ ነው የሚቀመጡት።